የጓዶች መተማመንና የዝምታ ሕግ

የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሠራዊት ውስጥ በግልጽ ያገልግሉ ወይስ አያገልግሉ የሚለው ክርክር፣ ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው እነዚህ ሰዎች ወደ ጦር ሰፈር ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል ክርክር አልነበረም፤ ሠራዊት በነበረበት ዘመን ሁሉ እነርሱም በውስጡ ነበሩና፤ ዘብ ቆመዋል፣ ዘምተዋል፣ ቆስለዋል፣ ተሸልመዋል፣ ለአገራቸውም ሞተዋል። ክርክሩ የነበረው ማንነታቸው ከታወቀ በኋላ በሥራቸው መቀጠል ይችላሉ ወይ በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ «በግልጽ ማገልገል» ሲባል አንድ ወታደር ወይም መኮንን አብሮት ስለሚኖረው የሕይወት አጋሩ ሲጠየቅ ሳይዋሽ፣ ሲቆስል ማን እንዲነገርለት እንደሚፈልግ ሳይደብቅ፣ በመታወቁም ምክንያት ሳይባረር የአገልግሎት ዘመኑን መፈጸም መቻሉ ማለት ነው። ይህ ምዕራፍ ጉዳዩ ረጅሙንና መራራውን መንገድ የተጓዘባትን አሜሪካን በዋናነት ይከተላል፤ ብሪታንያንና እስራኤልንም ለማነጻጸሪያ ያነሣል። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ ጥያቄው በአገር ቤት በዚህ መልኩ አይነሣም፤ ይሁንና በአሜሪካና በእስራኤል ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚተዳደሩበት ሕግ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ሠራዊት ጉዳዩን መጀመሪያ እንደ ወንጀል፣ ቀጥሎ እንደ ሕመም፣ በመጨረሻም ሰውየውን ያለ ክስ በአስተዳደራዊ ውሳኔ እንደሚያሰናብት ጉዳይ ተመልክቶታል። በ1778 በቫሊ ፎርጅ ጦር ሰፈር ሌተናንት ጎትሆልድ ኤንስሊን የተባለ መኮንን በዚህ ክስ ጥፋተኛ ተብሎ በጆርጅ ዋሽንግተን ፈቃድ ከበሮ እየተመታበት ከሰፈሩ ተባሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞች በምልመላ ጣቢያዎች ተቀምጠው ወጣቶችን ይለዩ ነበር፤ ከገቡ በኋላ የተደረሰባቸውም ብዙዎቹ በሰማያዊ ወረቀት ስለሚጻፍ «ሰማያዊ ስንብት» እየተባለ የሚጠራው ይሰጣቸው ነበር፤ ይህም የክብርም የውርደትም ያልሆነ፣ ግን በተግባር ውርደትን የሚያስከትል የስንብት ዓይነት ነው። ከ1941 እስከ 1945 ድረስ 48,000 የሚያህሉ ሰዎች በልዩ ልዩ ምክንያት ይህን ወረቀት ይዘው ወጥተዋል፤ ጥቁር ወታደሮችም ከቁጥራቸው ድርሻ እጅግ በላይ ደርሶባቸዋል። ወረቀቱን የያዘ ሰው በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች የወጣው ሕግ ከሚሰጠው የትምህርት ክፍያና የቤት ብድር ዋስትና ይከለከል ነበር፤ አሠሪዎችም የወረቀቱን ቀለም ያውቁት ስለ ነበር ቅጣቱ ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጭም ይከተለው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መከላከያ ሚኒስቴሩ ያወጣው መመሪያ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት ከውትድርና ጋር ፈጽሞ አይጣጣምም ብሎ በመደንገግ ለአዛዦች ቀርቶ የነበረውን የመፍረድ ነጻነት ዘጋው።

ክልከላው በራሱ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጋጭ የሚያሳየው የፔሪ ዋትኪንስ ጉዳይ ነው፤ ዝርዝሩም በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ስለ ሰፈረ በቅርብ ሊመረመር ይችላል። የታኮማ ከተማው ጥቁር ወጣት ዋትኪንስ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ለግዳጅ ውትድርና ሲጠራ በሕክምና ቅጹ ላይ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ እንዳለው ለሚጠይቀው ጥያቄ «አዎ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገ፤ ሠራዊቱ ይህን እያወቀ በ1968 መለመለው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ምርመራዎችም ያንኑ እውነት ደጋግሞ ተናገረ፤ በአለቆቹ ፈቃድ የሴት ልብስ ለብሶ በሠራዊቱ የመዝናኛ መድረኮች ላይ ትርኢት አሳየ፤ ለተጨማሪ አገልግሎት ሲያመለክትም በተደጋጋሚ ተፈቀደለት። በ1975 ይሰናበት ወይስ ይቆይ የሚለውን የመረመረው ቦርድ፣ የቅርብ አዛዡ ስለ ሥራው መልካምነትና ማንነቱ በጓዶቹ ዘንድ ችግር እንዳልፈጠረ ከመሰከረ በኋላ፣ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። መዝገቡ ሁሉ ለእርሱ ይናገር የነበረ ሲሆን፣ አዲሱ መመሪያ ግን መዝገብን የሚጠይቅ አልነበረምና 16 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ1984 ተባረረ፤ ለጡረታ የቀሩት ዓመታት ጥቂት ነበሩ።

የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1989 የፈረደለት በአንድ ቀላል የፍትሕ መርሕ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት እውነቱን እያወቀ ሰውን በተደጋጋሚ ሲቀበልና ሲያሠራ ከኖረ በኋላ ያንኑ እውነት እንደ አዲስ ነገር አንሥቶ ሊጎዳው አይችልም የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ጉዳዩን አላይም በማለቱ ፍርዱ ጸና፤ ዋትኪንስም ውዝፍ ክፍያ፣ የማዕረግ ዕድገትና ሙሉ ጡረታ አግኝቶ ወደ ሠራዊቱ ላለመመለስ ተስማማ። ከዚህ ሰው ታሪክ የሚገኘው ትልቅ ቁም ነገር ጓዶቹ ሁሉ ያውቁ እንደ ነበር ነው፤ «ከታወቀ ክፍሉ ይፈርሳል» ተብሎ ሲነገር የኖረው ስጋት ከ15 ዓመት በላይ በተግባር ተፈትኖ ክፍሉ አልፈረሰም።

ስጋቱ ግን በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ የሚያነሡትም በጦርነት የተፈተኑ ሰዎች ነበሩ። በወታደራዊ ቋንቋ የጦር ክፍል ትስስር የሚባለው፣ ወታደሮች አንዱ ሌላውን ላለማሳፈርና ላለመተው ሲሉ በእሳት መካከል እንዲጸኑ የሚያደርጋቸው ኃይል ነው። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ክልከላውን ሊያነሡ ሲነሡ የጦር ኃይሎች ጥምር ኤታማዦር ሹሞች ሊቀ መንበር ጄኔራል ኮሊን ፓውልና የሴኔቱ የመከላከያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሳም ነን የተከራከሩት በዚሁ በትስስር ስም ነው፤ ሴናተር ነን ከጋዜጠኞች ጋር ወደ ኖርፎክ ወደብ ወርደው የባሕር ኃይል ሠራተኞች ተደራርበው የሚተኙባቸውን ጠባብ አልጋዎች በካሜራ ፊት እስከ ማሳየት ደርሰዋል። በዚያው ዓመት በመከላከያ ሚኒስትሩ ጥያቄ ጥናት ያካሄደው ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ግን ትስስር ሁለት እንደሆነ አስረዳ፤ አንደኛው ሰዎች እርስ በርስ የሚዋደዱበትና አብረው መዝናናት የሚፈልጉበት ማኅበራዊ ቅርርብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ግብ ላይ የተባበሩበት፣ እያንዳንዱ ሌላው ሥራውን እንደሚወጣ የሚተማመንበት የተልዕኮ ትስስር ነው። የክፍልን ውጤታማነት በዋናነት የሚወስነው ሁለተኛው ነው፤ የማይዋደዱ ሰዎች መድፍን በሚገባ ሊተኩሱ ይችላሉ፣ የማይተማመኑ ግን አይችሉም። ተመራማሪዎቹ ካናዳን፣ ኔዘርላንድስን፣ ኖርዌይንና እስራኤልን ጨምሮ በርካታ አገሮችን፣ እንዲሁም የአሜሪካ ከተሞችን የፖሊስና የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቶች ከተመለከቱ በኋላ፣ የአንድ ሰው የፍቅር ዝንባሌ ማን ያገልግል ለሚለው ጥያቄ አግባብነት እንደሌለው፣ አመራሩ ቁርጥ አቋም ከያዘም ለውጡ ሊፈጸም እንደሚችል ደመደሙ። ፖለቲካው ግን አልሰማቸውም።

ይህ የትስስር ክርክር ለአሜሪካ ሠራዊት አዲስ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በሐምሌ 1948 በሠራዊቱ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር ሲያዝዙ ተቃዋሚዎቻቸው ያሉት ነጭ ወታደር ከጥቁር ጋር በአንድ ድንኳን አያድርም፣ ቢያድርም ሞራሉ ይወድቃል የሚል ነበር፤ በ1940ዎቹ የተሰበሰቡት የሠራዊቱ የአስተያየት መጠይቆችም አብዛኛው ነጭ ወታደር ተለያይቶ ማገልገልን እንደሚመርጥ ያሳዩ ነበር። መለያየቱ በተግባር የፈረሰው በኮሪያ ጦርነት ነው፤ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም በ1951 ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው ልክ በዚሁ የለውጥ ወቅት ነበርና፣ የኢትዮጵያ ዘማቾች ያ ስጋት በጦር ሜዳ ሲፈተን በቦታው ነበሩ። ተቀላቅለው የተዋጉት ክፍሎች አልተፈቱም። ጄኔራል ፓውል፣ ራሳቸው በዚያ ለውጥ ተጠቅመው የመጀመሪያው ጥቁር ሊቀ መንበር የሆኑት፣ የቆዳ ቀለምና የጾታ ዝንባሌ አንድ አይደሉም በማለት ንጽጽሩን ውድቅ አድርገዋል፤ ክብር የሚገባው ተቃውሞ ነው። ነገር ግን የንጽጽሩ ፍሬ ነገር የሁለቱ ማንነቶች መመሳሰል አይደለም፤ በሁለቱም ጊዜ እንደ ማስረጃ የቀረበው የተገለለው ሰው ጉድለት ሳይሆን የሌላው ወታደር ጥላቻ መሆኑ ነው። ፓውል ራሳቸው በ2010 አቋማቸውን ለውጠው ክልከላው እንዲነሣ ደግፈዋል።

በ1993 የተደረሰበት መካከለኛ መንገድ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው ነው። ምልመላ ጣቢያው ማንንም ስለ ዝንባሌው አይጠይቅም፤ ወታደሩም እስካልተናገረ ድረስ ያገለግላል። አሠራሩ ግን ከስሙ እጅግ የጠነከረ ነበር፤ ኅዳር 1993 በተፈረመው ሕግ መሠረት አንድ ወታደር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከፈጸመ፣ ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር ጋብቻ ከመሠረተ ወይም ለመመሥረት ከሞከረ፣ አለዚያም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ ብሎ ከተናገረ ይሰናበታል፤ መናገሩም ብቻውን ድርጊቱን የመፈጸም ዝንባሌ እንዳለው እንደ ማስረጃ ይቆጠርና፣ እንደማይፈጽም የማስረዳቱ ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል። የመናገር ትርጉምም ሰፊ ነበር፤ ለወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ በእጅ ከገባ መናገር ነው፤ በጥቃት ምክንያት ለአዛዥ አቤት ማለት፣ ጥቃቱ ለምን እንደ ደረሰ መግለጽን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ራስን ማጋለጥ ነው።

የዚህ የመጨረሻው ነጥብ ዋጋ በደም ተከፍሏል። በሐምሌ 1999 በፎርት ካምቤል ጦር ሰፈር ባሪ ዊንቸል የተባለ የ21 ዓመት ወታደር ተኝቶ ሳለ በጦር ክፍሉ ባልደረባ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞተ። ከዚያ በፊት ለወራት ሲሰደብና ሲዋከብ ነበር፤ የበታች አዛዦችም ያውቁ ነበር፤ እርሱ ግን የሚሰደብበትን ምክንያት በይፋ ቢያረጋግጥ ከሠራዊቱ ይባረር ነበር። ሕጉ የክፍሉን ትስስር ለመጠበቅ ወጣ ተብሎ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ወታደር ሌላውን ሲያሳድድ ተበዳዩ አፉን እንዲዘጋ ማዘዙ ሊታለፍ የማይችል ግፍ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት እስከ 2011 ድረስ ከ13,000 በላይ ሰዎች ተሰናብተዋል። የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ዘገባ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የተሰናበቱትን ለመተካት ለምልመላና ለሥልጠና ብቻ 190 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ወጣ አስልቷል፤ ከተሰናበቱትም 757ቱ ሠራዊቱ ራሱ ቁልፍ ናቸው ባላቸው ሙያዎች የሠለጠኑ፣ 322ቱ ደግሞ እንደ ዐረብኛ፣ ፋርስኛና ኮሪያኛ ያሉ ተፈላጊ ቋንቋዎችን የሚያውቁ ነበሩ፤ ይህ የሆነው ሠራዊቱ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ አስተርጓሚ አጥቶ በሚቸገርበት ጊዜ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ግን የስንብቱ አካሄድ ነው፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከ1,200 በላይ ይደርስ የነበረው ቁጥር ጦርነቱ በተፋፋመባቸው ዓመታት ወደ 600 ገደማ ወረደ። የእነዚህ ወታደሮች መኖር በእውነት ትስስርን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ፣ ትስስር ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማባረሩ መጨመር እንጂ መቀነስ አልነበረበትም።

ከትስስር ቀጥሎ ይነሣ የነበረው ሌላው ምክንያት የምስጢር ጥበቃ ነው፤ ገመናውን የሚደብቅ ሰው በጠላት የስለላ ድርጅት ተይዞ በማስፈራራት ምስጢር ሊያወጣ ይችላል የሚል። ለዚህ መልሱን የሰጠው ኡዚ ኤቨን የተባለ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው፤ በ1993 በእስራኤል ፓርላማ ፊት ቀርቦ፣ ከፍ ያለ ምስጢራዊ የመከላከያ ሥራ ሲሠራ ከኖረ በኋላ ማንነቱ ስለ ታወቀ ብቻ የምስጢር ፈቃዱን እንደ ተነጠቀ መሰከረ። በገሃድ የሚኖርን ሰው በምን ያስፈራሩታል? ለማስፈራሪያ የሚያጋልጠው ድብቅነቱ ነው፤ ድብቅነቱንም ያመጣው ክልከላው ነው። ሠራዊቱ በዚያው ዓመት ገደቡን አነሣ፤ ውትድርና ግዴታ በሆነባትና ጦርነት በማይለያት አገር ሠራዊቱ በዚህ ምክንያት ተዳከመ ያለ አዛዥ አልተሰማም።

ብሪታንያ ጉዳዩን የጨረሰችው በፍርድ ቤት ተገድዳ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በሲቪሉ ሕዝብ ዘንድ በ1967 ወንጀልነቱ ሲቀር የጦር ኃይሎች ተነጥለው ቀርተው ነበር፤ ወታደራዊ ፖሊስም በጥርጣሬ ብቻ መኝታ ቤት ይበረብር፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይወስድ፣ በቴፕ በተቀዳ ምርመራ ስለ አልጋ ገመና አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር። ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሄዱት አመልካቾች አንዷ የአየር ኃይል ነርስ ስትሆን፣ የተጋለጠችው ማንነቱ ባልታወቀ ሰው የስልክ ጥቆማ ነው፤ ማንነቷን ወዲያው ካመነች በኋላ እንኳ መርማሪዎቹ ጥያቄያቸውን አላቆሙም። መንግሥት ለመከራከሪያነት ያቀረበው የ1996 ጥናት የእነዚህ ሰዎች ጀግንነትም ሆነ ችሎታ አጠያያቂ እንዳልሆነ አምኖ፣ ችግሩ የሌሎቹ ወታደሮች አስተሳሰብ ነው ይላል። ይኸው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመስከረም 1999 ሲፈርድ ይህን ነጥብ ነቅሶ አወጣ፤ የብዙኃኑ ጭፍን ጥላቻ በዘር ወይም በትውልድ ላይ ቢነሣ ለማግለል ምክንያት እንደማይሆን ሁሉ እዚህም አይሆንም በማለት፣ ምርመራውም ስንብቱም የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይጥሳል አለ። በጥር 2000 ክልከላው ተነሣ፤ ይለቃሉ የተባሉት ወታደሮችም በጅምላ አልለቀቁም።

አሜሪካ ወደዚያው የደረሰችው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 2 ቀን 2010 የኤታማዦር ሹሞቹ ሊቀ መንበር አድሚራል ማይክ ሙለን በሴኔት ፊት ሲመሰክሩ ጉዳዩን ከተለመደው የትስስር ክርክር አውጥተው ወደ ሐቀኝነት ወሰዱት፤ ወጣቶች ወገኖቻቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ስለ ማንነታቸው እንዲዋሹ የሚያስገድድ ሕግ ሐቀኝነትን የሁሉ መሠረት አድርጎ ከሚያስተምር ተቋም ጋር እንደማይስማማ ተናገሩ። በዚያው ዓመት መከላከያ ሚኒስቴሩ 400,000 ለሚሆኑ ወታደሮች መጠይቅ ላከ፤ ከ115,000 በላይ የሚሆኑት መለሱ። 70 በመቶ ያህሉ ለውጡ በክፍላቸው ላይ መልካም፣ የተደበላለቀ ወይም ምንም ውጤት አይኖረውም አሉ። በባሕር ወለድ ጦሩ ተዋጊ ክፍሎች ግን 58 በመቶው ጉዳት ያመጣል ብለው ሰጉ፤ ሊሸሸግ የማይገባ ቁጥር ነው። ነገር ግን ከእነዚሁ ተዋጊዎች መካከል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ብለው ከሚያምኑት ሰው ጋር በእርግጥ ያገለገሉት ስለ ክፍላቸው የሥራ ኅብረት ሲጠየቁ፣ 84 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ ወይም መካከለኛ ነበር ብለው መለሱ። የሚሰጋው በግምት የሚናገረው ነበር፤ አብሮ የኖረው አልሰጋም።

ኮንግረሱ በታኅሣሥ 2010 ሕጉን ሻረ፤ ከሥልጠናና ከማረጋገጫ በኋላም መሻሩ መስከረም 20 ቀን 2011 በሥራ ላይ ዋለ። የባሕር ወለድ ጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ጄምስ ኤሞስ ለውጡን በአደባባይ የተቃወሙ ሰው ቢሆኑም ሕግ ከሆነ በኋላ ትእዛዙን በቅንነት አስፈጸሙ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲጠየቁም ነገሩ አንዳች ኮሽታ ሳያሰማ እንዳለፈ መሰከሩ። ቃሉን የሰጡት የተቃወሙት አዛዥ በመሆናቸው ክብደቱ ልዩ ነው።

የሕጉ መሻር ግን የተጎዳውን ሁሉ አልካሰም። የሟች ወታደር የተመሳሳይ ጾታ የትዳር አጋር እንደ ባለቤት የሚቆጠርበት መብት የተከበረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2013 ውሳኔ ከመጣ በኋላ ነው። ብሪታንያ በ2023 በጠቅላይ ሚኒስትሯ አንደበት ይቅርታ ጠይቃ፣ በ2024 መጨረሻ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ለካሳ መደበች። በአሜሪካ አንድ ወታደር ሲሰናበት የሚሰጠውና በሥራ ቅጥር ጊዜ የሚያሳየው ዲዲ-214 የተባለው ወረቀት፣ ስንብቱ የክብር በሆነበት ጊዜ እንኳ የስንብቱን ምክንያት በግልጽ ስለሚጽፍ፣ ብዙዎች ለአሥርት ዓመታት ገመናቸውን ለእያንዳንዱ ቀጣሪ ሲገልጡ ኖረዋል። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሰኔ 2024 በቀድሞው ወታደራዊ ሕግ ለተፈረደባቸው ምሕረት ሰጥተዋል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መከላከያ ሚኒስቴሩ በ«አትጠይቅ፣ አትናገር» ዘመን ከተሰናበቱት መካከል ከ800 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን የስንብት ዓይነት ራሱ ተነሣሥቶ መዝገብ በመመርመር ወደ ክብር ለውጧል። ከ1993 በፊት የተባረሩት ግን በዚያ ምርመራ አልተካተቱም፤ ወረቀታቸው እንዲስተካከል እያንዳንዳቸው በየግላቸው ማመልከት ነበረባቸው፤ ሳያመለክቱ የሞቱትም ብዙ ናቸው።